በሻንጣ የሄደ መርዶ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ሻንጣዬን ከፍቶ አራት ኪሎ በርበሬ ከተተበት። ሳይጠይቀኝ። ሁለቱ ቀሚሶቼ አልጋው ላይ ተጥለዋል፣ በእነሱ ቦታ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ በርበሬ ተጋድሟል። "ቀሚስ እዚያም ሞልቷል፣ በርበሬ ነው የማይገኘው" ይለኛል። ባሌ ሰሎሞን እንዲህ ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር ካለው የመብራት ዕቃ ሱቁ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው የሰው ዕቃ ማድረስ ነው።

እስካሁን የተላከብን፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ከረጢት ቆሎ፣ የማላውቃት ሴትዮ የንባብ መነጽር። ግሪክ እንደምንሄድ የነገርኩት ለእህቴ ብቻ ነው። ሳሊተ ምሕረት ውስጥ የምስጢር ዕድሜ ከቤታችን በር እስከ ታክሲ መያዣው ነው።

ይሄ ጉዞ የኔ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ አክሮፖሊስን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ በየዓመቱ ዓምዶቹ ይጣመሙብኛል፣ በየዓመቱ ልጆቹ ይስቁብኛል። ከተጋባን ጀምሮ "አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ሄደን እንየው" ስለው መልሱ "ሱቁን ማን ይጠብቃል?" ነበር። ባለፈው ወር ግን እራት እየበላን ድንገት "ግሪክ እንሂድ" አለኝ። አልቅሼ አቀፍኩት። ለምን አሁን ብዬ አልጠየቅኩትም። ደስታ ያጃጅላል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተፈራ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። የሰሎሞን አጎት ናቸው፣ የእናቱ ወንድም። በዚህ ዘር ውስጥ ያለሳቸው ፈቃድ ጥርስ እንኳን አይነቀልም። "መንገዱን ይባርክላችሁ ልንል ነው" አሉ። ለሽርሽር ሦስት ሽማግሌ ሲመርቅ አይቼ አላውቅም። ሻይ ይዤ በረንዳ ስወጣ ሰሎሞንን ከበው ይንሾካሾካሉ። ሲያዩኝ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ስለ ዝናብ ለማውራት ግንባር ለግንባር መጋጠም አያስፈልግም።

ቀሚሶቼን መልሼ ከተትኩ። በርበሬውን ወደሱ ሻንጣ አዛወርኩት። ትንሽም ብትሆን ድል ናት። ነገ ማታ እንበራለን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12፣ አቴንስ

እግሬ ተልጧል፣ ፊቴ ተቃጥሏል፣ ከባሌ ጋር አልነጋገርም። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ እፈነዳለሁ።

በማለዳ አክሮፖሊስ ወጣን። በሙቀቱ ምክንያት እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጉት መቸኮል ነበረብን። ደረጃው ላይ ሰው እንደ ጥምቀት ይጋፋል። ከዚያ ዞር ስንል ፓርተኖን፣ ትልቁ ቤተ መቅደስ። ቆሜ ቀረሁ። አንዲት አስጎብኚ ለሌሎች ስታስረዳ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ዓምዶቹ ሆን ተብሎ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ ነው የተሠሩት አለች። ይሄን ሁሉ ዓመት አጣመምኩት ብዬ ስናደድ ለካ ትክክል ነበርኩ። ብቻዬን ሳቅኩ። ለሰሎሞን ልነግረው ዞርኩ።

ሰሎሞን ጀርባውን ለፓርተኖን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ስልኩን ያያል። ከትናንት ጀምሮ አልበላም፣ አውሮፕላን ላይም አልተኛም። ምን ሆነሃል አልኩት። "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን አትቆጪ" አለኝ። እኔ ደግሞ መቆጣት የምጀምረው አትቆጪ ስባል ነው።

መርዶ ይዞ ነው የመጣው። ለለምለም።

ለምለም የአክስቱ ልጅ ናት፣ ለእናቷ አንድ። ከዚህ ከአቴንስ በመርከብ አንድ ሰዓት የምታስኬድ ደሴት ላይ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች፣ ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው። እናቷ እትዬ ዘውዴ፣ የጋሽ ተፈራ እህት፣ ግንቦት ላይ ሞቱ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፣ ድንኳኑ ጓሮ ሦስት ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። ያኔ ቤተሰቡ ተሰብስቦ "ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ በስልክ አይነገራትም፣ ሰው ሄዶ ያርዳት" ብሎ ወሰነ። ይህን አውቃለሁ። እስከዚያ ድረስም እናትሽ ኔትወርክ የሌለበት ገዳም ጠበል ገብታለች እየተባለች መሆኑን አውቃለሁ። ሰው የተባልነው እኛ መሆናችንን ግን አላወቅኩም።

"ሽርሽሩስ?" አልኩት። "ሁለቱም በአንድ ጉዞ ይሆናል ብዬ ነው" አለኝ። እንደ በርበሬው። እግረ መንገድ።

ቆይ፣ የከፋው አለ። ጋሽ ተፈራ "ሚስትህን ይዘህ ሂድ፣ ስትወድቅ ሴት ትያዛት" ብለውታል። እኔ ለመያዣ ነው የመጣሁት። ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩትን ተራራ ያየሁት ለመያዣ ስለተፈለግኩ ነው።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳን ጋሽ ተፈራን አንተ ብዬ ልሰድባቸው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። እሱም አናደደኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ዴልፊ ደርሰን ተመለስን። ትኬቱ ቀደም ብሎ የተገዛ ስለሆነ ነው እንጂ ከሱ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ያን ያህል ሰዓት መቀመጥ አልፈለግኩም። እኔ መስኮት፣ እሱ መተላለፊያ። መሀላችን ቦርሳዬ።

ቦታው ውብ ነው። ገደል ላይ የተንጠለጠለ፣ ከታች እስከ ባሕሩ ወይራ ብቻ። በጥንት ጊዜ ነገሥታት ሳይቀሩ ጥያቄ ይዘው ይመጡ ነበር። መቅደሱ ውስጥ የምትቀመጠው ሴት ቅኔ የመሰለ ነገር ትናገራለች፣ ጠያቂው እንደመሰለው ተርጉሞት ይሄዳል፣ ኋላ ጉድ ይሆናል። ይሄን ሳስተምር ልጆቹ ሁልጊዜ "ቲቸር፣ ለምን በቀጥታ አይነግሯቸውም ነበር?" ይሉኛል። ዛሬ መልሱን አገኘሁት። የኛ ዘመዶች ስለሆኑ ነው።

እዚያው ፍርስራሹ መሀል ስልኩ ጮኸ። ለምለም። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ነገ መቼ ትደርሳላችሁ፣ ወደብ ላይ እጠብቃችኋለሁ፣ ዓሣ ትወዳላችሁ፣ ሂሩቴ አብራህ ናት፣ ሰላም በልልኝ። እንዲህ ደስ ብሏት የሚጋብዘን ሰው ካየን ስንት ጊዜ ሆነን። ሰሎሞን "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" ብቻ ነው የሚለው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም አንድ "እሺ" ጨመረ። አላዘንኩለትም። ትንሽ አዘንኩለት።

በመልስ መንገድ ጋሽ ተፈራ ደወሉ። መመሪያ፦ ማታ አይነገርም። ሳትበላ አይነገርም። ብቻዋን ሳለች አይነገርም። አቴንስ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ አልማዝ የምትባለው ትሰበስባቸዋለች፣ ረቡዕ በመጀመሪያው መርከብ መጥተው በር ሲያንኳኩ ያኔ ይነገራታል። ረቡዕ ማለት ሰኞና ማክሰኞ አብረናት እየበላን እየጠጣን ልንስቅ ነው ማለት ነው። ሰሎሞንን ጠየቅኩት። "ምን ይደረግ፣ ሥርዓቱ ነው" አለኝ። ሥርዓት የሚባለው ነገር ሁሌም ለሴት ሥራ ያበዛል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14፣ ኤጊና ደሴት

ወደቡ ላይ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። ሰሎሞንን አንገቱን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቅ አለችው፣ ከዚያ እኔን። የደሴቱ ፒስታቺዮ የሚሉት ለውዝ የታወቀ ነው ብላ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እጄ ላይ ከረጢት አደረገችልኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ "እማዬ እንዴት ናት?" ነበር።

ሰሎሞን ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያውን ማሰር ጀመረ። የታሰረውን። ለምለም ወደ እኔ ዞረች። "ደህና ናቸው" አልኳት። ሁለት ቃል ናት። ከአፌ ስትወጣ ምንም አልከበደችም፣ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። ለምለም የምታስታምማት አሮጊት ኪሪያ ሶፊያ ትባላለች። ኪሪያ ማለት እመቤት ማለት ነው አለችኝ። ጎማ ባለው የብረት ድጋፍ ነው የምትራመደው። ጉንጬን ይዛ በራሷ ቋንቋ ብዙ አወራችኝ። ለምለም "ቤተሰብ በመምጣቱ ደስ ብሏታል፣ አንዴም መጥቶልኝ አያውቅማ" ብላ ተረጎመችልኝ። አቀርቅሬ ፒስታቺዮ ፈለፈልኩ።

ከምሳ በኋላ ክፍሏ ወሰደችኝ። ሣጥን ከፍታ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መጋረጃ ነው፣ ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ጠርዙ በወርቅማ ክር የተጠለፈ፣ እዚህ ለቤተ ክርስቲያን ከሚሸጡት። "እማዬ ጠበል ገባች ሲሉኝ ለገብርኤል ተሳልኩ" አለች። "ስትድን በራሷ እጅ ታስገባልኝ። የቅዳሜው ንግሥ ላይ ካልደረሰች ለታኅሣሡ። ትወስጂልኛለሽ አይደል?" እወስዳለሁ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ለሞተ ሰው ጤና የተሳለችውን ስለት ተቀብዬ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከነዚያ ቀሚሶች በታች አስቀመጥኩት።

አልበቃም። ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። የኪሪያ ሶፊያ የልጅ ልጅ ሠርግ፣ እሷ በቀይ ቀሚስ ስትጨፍር። "ሠርጉ ዕለት ስለጥፈው ልብ ያደረግሽበት እኮ ነው፣ ያምራል አይደል?" አለችኝ። ያምራል። ያንን ልብ የተጫንኩት የት ሆኜ እንደሆነ በደንብ አስታውሳለሁ። ከእናቷ የአርባ ተዝካር ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ። ጣቴ በልማድ ነክቶት አለፈ።

ሰሎሞንን በረንዳ ላይ ብቻውን አገኘሁትና አሁኑኑ ንገራት አልኩት። ረቡዕ አለኝ። አንተ ፈሪ አልኩት። አልተከራከረኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

አለቀ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወይም ያስተካከልኩት። እኔ እንጃ።

ለምለም ዛሬ ፈቃድ ወስዳ አፋያ የሚባለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ልታሳየን አወጣችን። ጥድ የሸፈነው ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው፣ ዓምዶቹ ብዙዎቹ እንደቆሙ ናቸው፣ በሁለት በኩል ባሕር ይታያል። እሷ ሰሎሞንን እዚህ ቁም እዚያ ቁም እያለች ፎቶ ታነሳዋለች። እሱ ፈገግ ይላል። ከዚያ እሱም ተራውን "ነይ አንቺን ላንሳሽ፣ ለእትዬ ዘውዴ እናሳያቸዋለን" አላት።

ይሄን ለምን እንዳለ እስካሁን አልገባኝም። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ራሱ ይናገራል መሰለኝ። ለምለም ፎቶውን ተነስታ፣ ውሃ ልግዛላችሁ ብላ መንገዱ ማዶ ወዳለው ካፌ ሄደች። ጀርባዋ እንደራቀ ፈነዳሁ።

ውጭ አገር ስንሆን እኛ እንዲህ ነን። አማርኛ ግድግዳ ይመስለናል። አገር ቤት መኝታ ቤት ዘግተን በሹክሹክታ የምንጣላውን ቱሪስት መሀል ቆመን በሙሉ ድምፃችን እንጣላለን። እናቷ ከሞቱ ሁለት ወር ሊሆን ነው፣ አንተ ፎቶ እናሳያቸዋለን ትላለህ አልኩት። ለማን ነው የምታሳየው፣ መቃብር ላይ ልትለጥፈው ነው አልኩት። አርባቸው ላይ ቆሎ ቆርጥመህ፣ ጠላ ጠጥተህ መጥተህ አልኩት። የሚሰማኝ ያለ አልመሰለኝም። አንዲት ጃፓናዊት ብቻ ደንግጣ አየችኝ።

ሰሎሞን ግን እኔን አያይም። ከትከሻዬ በላይ ነበር የሚያየው።

ለምለም ሦስት የውሃ ጠርሙስ ታቅፋ ቆማለች። ከየትኛው ቃል ጀምሮ እንደሰማች እስካሁን አላውቅም። ጠርሙሶቹ አልወደቁባትም። አንዱን ለሰሎሞን ሰጠችው፣ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ወደ ጥዶቹ ሄደች።

ሮጥኩ። ለዚህ አይደል የመጣሁት? እጄን ስዘረጋ "አትንኪኝ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አንድ ጥድ ሥር ተቀመጠች፣ እኔ ሁለት ክንድ ርቄ ቆምኩ። "መቼ?" አለች። ግንቦት ላይ አልኳት። "ቀኑን ነው የጠየቅኩሽ" አለች። ነገርኳት። በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ወዴት እየቆጠረች እንደሆነ ስለገባኝ ተይው ልላት ፈለግኩ። አርባ ላይ ደረሰች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

"ቀሚሱ ያምራል አልሽኝ" አለች።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ስንመለስ ሦስታችንም በተለያየ ወንበር። አላለቀሰችም። ቤት ገብታ ለኪሪያ ሶፊያ በግሪክኛ አንድ አጭር ነገር ተናገረች። አሮጊቷ ድጋፏን ለቀቀች። ያለሱ አንድ እርምጃ አትራመድም ነበር፣ እንዴት እሷ ጋ እንደደረሰች አላውቅም። የለምለምን ራስ ደረቷ ላይ አድርጋ በራሷ ቋንቋ እንደኛ አገር አልቃሽ ጮኸች። ያኔ ለምለም አለቀሰች።

እኔና ሰሎሞን በር ላይ ቆመን ነበር። ዕቃ አድርሶ ደረሰኝ እንደሚጠብቅ ሰው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ለአልማዝ ደውለን አትምጡ ልንላት ይገባ ነበር። ማናችንም አላስታወስነውም። በመጀመሪያው መርከብ ሰባት ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ዳቦና ቴርሞስ ይዘው ኮረብታውን ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን በየት በኩል እንደሚይዛት መርከብ ላይ ተመካክረው ጨርሰዋል።

በሩን ለምለም ራሷ ከፈተችላቸው። የኪሪያ ሶፊያን ጥቁር ልብስ ለብሳለች፣ ረዝሞባታል። "ሰምቻለሁ፣ ግቡ" አለቻቸው። አልማዝ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

እውነቱን መጻፍ አለብኝ። ሴቶቹ ሲገቡ ቤቱ ሌላ ሆነ። አልማዝ ገና ሳትቀመጥ እትዬ ዘውዴን ሳታውቃቸው እያወደሰች ማልቀስ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ለምለም መሀላቸው ገብታ የእናቷን ስም እየጠራች ደረቷን ደቃች። አልማዝ እጇን ያዘቻት። ከትናንቱ የተለየ ለቅሶ ነው፣ የሚያወጣ። ኪሪያ ሶፊያ መራራ ቡናና ደረቅ ብስኩት አስቀረበች፣ ለካ እነሱም እንዲህ ነው ሐዘን የሚቀመጡት። ሰው መሰብሰቡ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ሰው እስኪሰበሰብ ሁለት ወር እሷን ማሳቅ ነው።

ከሰዓት ሴቶቹ ወደ መርከብ ሲሄዱ ለምለም ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ንግግሯ ግን ቀጥ ያለ ነው። "ለጋሽ ተፈራ መልእክት አለኝ" አለች። "ለሰሎሞን አልሰጠውም፣ ያለዝበዋል። አንቺ ቁጡ ነሽ፣ አንቺ አድርሽልኝ። በስልክ እንዳይሆን። ፊት ለፊት።"

የነገረችኝን ቃል በቃል እዚህ እጽፈዋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።

"ጋሼ፣ እናቴን ሁለት ጊዜ ገደልካት። ለነፍሷ ልለምን ሲገባኝ ለጤናዋ አስለመንከኝ። ፍትሐት ላይ መቆም ባልችል እዚህ ሻማ ማብራት እችል ነበር። አርባዋን በጭፈራ አሳለፍኩ፣ ለዚያ ማንን ይቅርታ ልጠይቅ? ብቻዋን ናት ብለህ አዝነህልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻዬን ያደረግከኝ ግን አንተ ነህ፣ አገር ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ ሳላውቅ። ከእንግዲህ ሰው አትላክብኝ። የምትለኝ ነገር ካለህ ስልክ አንሥተህ ራስህ ደውል።"

ደግማ አስደገመችኝ። እንደ ተማሪ ሸመደድኩት።

መጋረጃውን ልመልስላት አወጣሁት። "ለነፍሷ ብለሽ አስገቢልኝ" አለች። ስወጣ አላቀፈችኝም። በሩ ላይ ግን የተረሳውን የፒስታቺዮ ከረጢት አቀበለችኝ። ከሷ ዛሬ ያገኘሁት ይህ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

አቴንስ፣ አየር ማረፊያ። ትናንት ሙዚየም ሄጄ ነበር፣ ብቻዬን። ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ድንጋይ።

ሰሎሞን ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ። አባቱ ሲሞት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ጋሽ ተፈራ ናቸው አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው ያመጡት፣ እናትህን ትንሽ አሟታል ብለው። መንገዱን ሁሉ ትከሻቸው ላይ አስተኝተውታል። ሰፈር ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ነበር፣ ሲነገረው ሦስት ጎረምሳ ይዞታል። "ባይዙኝ ኖሮ መኪና ሥር ነበር የምገባው" አለኝ። "ጋሼ የሚያውቁት ደግነት እሱን ነው ሂሩት።"

ይሄን እስካሁን ነግሮኝ አያውቅም። በስንት ዓመት ትዳር።

ከዚያ ደግሞ "አንቺን ያመጣሁሽ እሳቸው ስላሉኝ ብቻ አይደለም። ብቻዬን ፈርቼ ነው" አለኝ። ቀድሞ እንዲህ ቢለኝ ኖሮ በርበሬውን ራሴ እሸከም ነበር አልኩት። እውነቴን ነው። በግሪክ ጉዞ መታለል ሳያስፈልገኝ እመጣለት ነበር። አሁን ግን ልቤ ላይ አንድ ነገር ተሰብሯል፣ በአንድ የወንበር ላይ ወሬ አይጠገንም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ ተፈራ ጋ መቼ እንሂድ አለኝ። ከአየር ማረፊያ በቀጥታ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19፣ አዲስ አበባ

ቤት ገብቼ ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ቦሌ ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር። ያካፋል። ሰሎሞን ለመጨረሻ ጊዜ "መጀመሪያ ቤት እንግባ፣ እንታጠብ" አለ፣ እኔ ግን ታክሲ ጠርቼ የጋሽ ተፈራን ሰፈር ተናገርኩ። የታክሲው ሹፌር ሻንጣ ጭኖ እየነዳ ስለ ግሪክ ይጠይቀናል። በሲኤምሲ መንገድ ነጠላ የለበሰ ሰው ከዳር እስከ ዳር ይጎርፋል። የገብርኤል ንግሥ።

ጋሽ ተፈራ ቤት ስናንኳኳ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ለቤተ ክርስቲያን ለብሰዋል፣ መቋሚያ ይዘዋል። እኛን አዩ። ማለዳ፣ ሁለት ሰው፣ ፊታችን የጠቆረ፣ ዝም ብለን የቆምን። የብረት በሩን ጨብጠው ያዙ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

ዕድሜ ልካቸውን የሰው በር በማለዳ ሲያንኳኩ ኖረዋል። የሳቸውን በር እንዲህ አድርጎ ያንኳኳ የለም ይሆናል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ድንጋጤ ተመኝቼው ነበር፣ መንገዱን ሁሉ። ሳየው ግን አልጣፈጠኝም። "ማንም አልሞተም ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። "ከለምለም መልእክት ይዤ ነው።"

ተቀመጡ። ሰሎሞን ከጎኔ ቆመ፣ አላለዘበም፣ አላቋረጠም። ተናገርኩት። አንተ ያለችበትን እርስዎ ሳላደርግ፣ እንደሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ ገደልካት የሚለው ላይ ስደርስም አላቆምኩም። ስጨርስ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። በልቤ መልስ ደርድሬ ነበር።

"ማን ያዛት?" አሉ።

ያልገባኝ መሰላቸው፣ ደገሙት። "ስትሰማ ማን ያዛት ልጄ?"

"እኔ ልይዛት ስል አትንኪኝ አለችኝ" አልኳቸው። "አሠሪዋ ናት የያዘቻት። በድጋፍ የምትራመድ አሮጊት። ቋንቋዋን እንኳን አናውቅም።"

መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጋደሙት። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ ስልካቸውን አውጥተው ለሰሎሞን ዘረጉለት። "ቁጥሯን ምታልኝ" አሉ።

መታላቸው። ይጠራል። እኔ አታነሳም ብዬ ነበር። ተነሳ። ከወዲያ በኩል "አቤት" የሚል ሰማሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጋሽ ተፈራ "ለምለሜ" አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ያን ሁሉ መርዶ ሲናገር የኖረ አፍ በስልክ አልፈታ አለ። ከወዲያም ድምፅ የለም። ሁለቱም ግን አልዘጉም።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስልኩ ከጆሯቸው ሊወድቅ ነው። ሰሎሞንን አየሁት፣ እሱም ያለቅሳል፣ ከቦታው አልተነቃነቀም። አሁንም ተናድጄባቸዋለሁ፣ ነገም እናደዳለሁ። ተነሥቼ ያዝኳቸው።